ከደጃችን ያሉት እነማን ናቸው? የነዳያን ወገኖቻችን ማንነትና ጤና

ባለፈው ክረምት ከአንድ የአዲስ አበባ ደብር ሰበካ ጉባኤ ጋር ተቀምጠን፣ «በቤተ ክርስቲያናችሁ ደጅ ስንት ነዳያን ይገኛሉ?» ብለን ጠየቅን። ምክትል ሰብሳቢው «አርባ ያህል ይሆናሉ» አሉ። ሒሳብ ሹሙ «ኧረ ከመቶ አያንሱም» ሲሉ ተቃወሟቸው። በር ላይ ቆመው ያዳምጡ የነበሩት የግቢው ጥበቃ አባት ግን፣ «የትኞቹን ነው የምትጠይቁት? ውለው የሚሄዱትን ነው ወይስ የሚያድሩትን?» ብለው ሁላችንንም ዝም አሰኙን።

የጥበቃው አባት ጥያቄ ከሁለቱም መልሶች ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነበር። ነዳያን ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ወገኖች ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው። ወደ ደጃችን ያመጣቸው ምክንያት ይለያያል፤ የሚያገኛቸው በሽታም እንደዚሁ ይለያያል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ምጽዋት ስንሰጥ ረሃባቸውን ለአንድ ቀን እናስታግሥ ይሆናል፤ ሕመማቸውን ግን ሳናየው እናልፋለን። በፕሮጀክት ሥራችን ከደብር ወደ ደብር ስንዘዋወር የተረዳነውንና በጥናት የተረጋገጠውን አጣምረን ለሰበካ ጉባኤያትና ለአባቶች ካህናት ለማቅረብ የተነሣነው ስለዚህ ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ ብዙ አንዘገይም። በሀገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን ገደማ በጎዳና ላይ ስለሚገኙ ሕፃናት ከመንግሥት በኩል የተሰጠው ግምት 150,000 ሲሆን፣ የእርዳታ ድርጅቶች ግምት ደግሞ 600,000 ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አራት እጥፍ ነው። እንዲህ ያለው ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያው ከጥበቃው አባት ጥያቄ ነው፤ ቀን በጎዳና ሠርቶ ማታ ወደ እናቱ የሚመለሰው ልጅ ከሚያድረው ጋር ተደምሮ ተቆጥሯል ወይስ አልተቆጠረም? ስለዚህ የከተማውን ቁጥር ሌሎች እስኪያመጡልን ድረስ የየደጃችንን ማወቅ ይቻለናል፤ እርሱም ለሥራችን ይበቃል።

በማለዳ ከኪዳን ጸሎት በኋላ በደጀ ሰላም ተሰልፈው የምናያቸው አረጋውያን እናቶችና አባቶች ብዙዎቹ ማደሪያ ያላቸው ናቸው። አንዲት እማማ ስንጠይቃቸው፣ «ዲያቆን ልጄ፣ እዚህ የምውለው ለዕለት ጉርሴ ነው እንጂ ማደሪያስ አላጣሁም» ብለውናል። ማደሪያ ያሉት ከሌሎች አራት እናቶች ጋር በጋራ የሚከራዩት አንድ ጠባብ ክፍል ነው። የእርሳቸው ችግር የዓይን ሞራ፣ የደም ግፊት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ጧሪ ማጣት ነው። ኪራይ መክፈል ባቃታቸው ወር ግን እርሳቸውም ከሚያድሩት ጋር ይቀላቀላሉ።

ሁለተኛዎቹ ጠበልተኞች ናቸው። ከገጠር ሕመማቸውን ይዘው፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሱባዔ የሚበቃ ስንቅ ቋጥረው ይመጣሉ። ስንቁ ያልቃል፤ ሕመሙ ግን አይለቅም። ሳይድኑ ወደ ሀገር መመለስ ያሳፍራል፤ ዘመድ በሬውን ሸጦ ልኳቸው ከሆነማ ጨርሶ አይታሰብም። እንዲህ እንዲህ እያለ ጠበልተኛ ሆኖ የመጣው ሰው ከዓመት በኋላ የጎዳና ኗሪ ሆኖ ይገኛል። ይህን መሻገሪያ ከካህናት በቀር በቅርብ የሚያየው ሰው የለም፤ ከስንቁ ማለቅ እስከ ጎዳናው ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ የሚደረግ እርዳታ ግን ከሁሉ የረከሰና ከሁሉ የበለጠ ፍሬ ያለው ነው ብለን እናምናለን። አንዳንድ ጊዜ የሚያስፈልገው የአውቶቡስ መሳፈሪያና ለሀገሩ ደብር አስተዳዳሪ የሚጻፍ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ሌሊት የሚያድሩት በአብዛኛው ወንዶች፣ ያውም ጎልማሶችና ወጣቶች ናቸው። ከገጠር ለቀን ሥራ መጥተው፣ ሸክምም ሊስትሮም ሞክረው፣ ገቢያቸው ለቤት ኪራይ ያልበቃ ናቸው። ሴቶች በቁጥር ያንሳሉ፤ መከራቸው ግን ይበዛል። ከእነርሱ መካከል በሰው ቤት ተቀጥረው ሲሠሩ አርግዘው የተባረሩ አሉ፤ ከዓረብ ሀገር በባዶ እጃቸው፣ አንዳንዴም አእምሯቸው ታውኮ የተመለሱ አሉ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ እንዲወጡ መደረጋቸው ይታወሳል፤ ከተመላሾቹ ሁሉም ወደ ቤተሰቡ አልገባም። በግጭትና በጦርነት ተፈናቅለው ከነልጆቻቸው የመጡትም በየጊዜው ይጨመራሉ። ሕፃናቱን በተመለከተ፣ ሁሉም ወላጅ አልባ ናቸው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ወላጅ አላቸው፤ ከቤት ያስወጣቸው ድህነት፣ ዱላና የእንጀራ አባት ወይም እናት ነው። ይህም ማለት ለብዙዎቹ ዕርቅና ሽምግልና መንገድ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ እርሱ ደግሞ የካህን ሥራ ነው።

በመጨረሻ የምናነሣቸው ማንም የማይቀርባቸውን ነው። ልብሳቸው የተቀዳደደ፣ ብቻቸውን የሚያወሩ፣ ሕፃናት ድንጋይ የሚወረውሩባቸው፣ ከነዳያኑም ሰልፍ የሚባረሩ የአእምሮ ሕሙማን ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ስለማይለምኑ ምጽዋትም አይደርሳቸውም።

ስለ እነዚህ ሕሙማን የሚናገር አንድ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሲሆን በአዲስ አበባ ጎዳና የሚኖሩ 217 አዋቂዎችን የመረመረ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የአእምሮ ወይም ከአልኮል ጋር የተያያዘ ሕመም የነበረባቸው ሆነው ተገኝተዋል። 41 በመቶ የሚሆኑት ሳይኮሲስ በሚባለው፣ ሰውን ከእውነታ በሚለይ ከባድ ሕመም ተይዘው ነበር። 60 በመቶ የሚሆኑት ጉዳት በሚያስከትል ወይም በሱስ ደረጃ ይጠጡ ነበር። 14.8 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ከጥናቱ በፊት በነበረው አንድ ወር ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረዋል። ጥናቱ ያነጋገራቸው ሰዎች ብዙ አይደሉም፤ አኃዙንም እንዳለ ወስደን በየደጃችን ባሉት፣ በተለይ ቀን ውለው በሚሄዱት እናቶች ላይ መጫን አይገባም። ነገር ግን ከሁሉም አኃዞች ይልቅ እኛን ያስደነገጠን ሌላ ነው፤ ሳይኮሲስ ካለባቸው ውስጥ በሕይወት ዘመናቸው አንድ ጊዜ እንኳ ሕክምና አግኝተው የሚያውቁት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያውም የአማኑኤል ሆስፒታል በሚገኝበት ከተማ።

ለምን ሆነ? በአንድ በኩል ሕመምተኛው መታመሙን ስለማያውቅ በራሱ እግር ወደ ሕክምና አይሄድም፤ የሚወስደው ዘመድ ደግሞ የለም። በሌላ በኩል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጠበልና መድኃኒት የሚጣሉ መስሎ የሚታያቸው ምእመናን፣ አንዳንዴም አገልጋዮች አሉ። በዚህ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያናችን ግልጽ አቋም ከያዘች ቆይታለች። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ወገኖች ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አጣምረው መጠቀም እንደሚችሉ በይፋ አስታውቀዋል። የዚያን ጊዜው መልእክት በእንጦጦና በሌሎች የጠበል ቦታዎች የነበሩ ብዙዎችን መድኃኒታቸውን ከመጣል አድኗል። ለአእምሮ ሕመም መድኃኒትም ይኸው ሊነገር ይገባል፤ የሚነገረው ደግሞ በካህኑ አንደበት ሲሆን ይሰማል። በአሁኑ ጊዜ የአእምሮ ሕክምና በአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ይሰጣል።

ስለ መጠጥ አንድ ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። አባቶች ለንስሐ የቀረበውን ጠጪ «ከዛሬ ጀምረህ አትቅመስ» ብለው በግዝት የሚያስሩበት ጊዜ አለ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ሲያቋርጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ ብርቱ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የሌለ ነገር ማየትና እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊደርስበት ይችላል፤ ለሞትም ያበቃል። መናፍስት ያደረባቸው መስሎ የሚታየውም አንዳንዴ ይኸው ነው። ግዝቱ ከሐኪም ምክር ጋር ቢሆን ሰውየውን ከሁለቱም ሞት ያድነዋል። ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ሰው ሲመጣም፣ ጉዳዩን በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል። የንስሐ አባቶች ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

ከአእምሮ ሕመም ቀጥሎ የምናሳስበው ስለ ሳንባ ነቀርሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015 በደሴና በደብረ ብርሃን ከተሞች በጎዳና በሚኖሩ 351 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ 2.6 በመቶ የሚሆኑት በአክታ ምርመራ የሚታይ፣ ማለትም ወደ ሌላው የሚተላለፍ የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶባቸዋል። ይህ በጠቅላላው ሕዝብ ከሚታየው እጅግ የበዛ ነው። የተመጣጠነ ምግብ ማጣት፣ ሲጋራ፣ ኤች አይ ቪና በጎዳና የቆዩበት ዘመን መርዘም ከበሽታው ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚስል፣ ሌሊት የሚያልበውና እየከሳ የሚሄድ ሰው ሲታይ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሕክምናው ግን ቢያንስ ስድስት ወር ይፈጃል። ጭንቁም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በክረምት የሚመጣው የሚያገረሽ ትኩሳት፣ በተለምዶ ግርሻ የሚባለው፣ በዓለም ላይ ከሞላ ጎደል የጠፋ፣ በሀገራችን ግን እስከ ዛሬ የሚገኝ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአውሮፓ በስደተኞች ላይ በታየ ጊዜ ሐኪሞቹ በመጻሕፍት ብቻ የሚያውቁት ነበር፤ እኛ ግን በየዓመቱ በሐምሌና በነሐሴ በደጃችን እናየዋለን። የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። ይህ ቅማል የሚኖረው በራስ ፀጉር ሳይሆን በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ደም ለመምጠጥ ብቻ ወደ ገላ ይወጣል። በብርድና በዝናብ ጊዜ የጎዳና ኗሪዎች ያላቸውን ልብስ ሁሉ ደርበው፣ ተቃቅፈው ስለሚያድሩ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል። ሲደፈጠጥ ከውስጡ የሚወጣው ተሕዋስ በተቧጨረ ቆዳ ይገባል፤ ስለዚህ በጥፍር መግደሉ ራሱ አደገኛ ነው። ትኩሳቱ ለጥቂት ቀናት ከብርቱ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት ጋር ይይዛል፤ ይለቅቃል፤ ሰውየው ዳንሁ ሲል ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለሳል። ካልታከሙት ከመቶ ታማሚዎች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል፤ በተገቢው መድኃኒት ግን አብዛኞቹ ይድናሉ። መድኃኒቱ በተሰጠ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሕመሙ ለጊዜው ብሶ የደም ግፊት ሊወርድ ስለሚችል ታማሚው በጤና ተቋም ተኝቶ መታየት አለበት እንጂ ከመድኃኒት መደብር በተገዛ ክኒን በደጅ ሊታከም አይገባም።

እዚህ ላይ የእኛን የልብስ ምጽዋት መመርመር ይገባል። ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ ልብስ እናድላለን። የጎዳና ኗሪው አዲሱን ከአሮጌው ላይ ይደርበዋል፤ ማጠቢያ ስለሌለው አሮጌውን አይጥልም፤ ቅማሉም ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይሸጋገራል። አንድ በርሜል፣ ማገዶና የሚቀየር ልብስ ቢኖር፣ ነዳዩ ገላውን ታጥቦ ንጹሑን ለብሶ፣ የወለቀው በፈላ ውኃ ተቀቅሎ ቢመለስለት፣ ከሦስት ኩንታል አዲስ ልብስ የበለጠ ጤና ይሰጣል። መቀቀል የማይቻለውን ልብስ በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ ለሁለት ሳምንት ማቆየትም ቅማሉን ይገድለዋል፤ እከክንም ለመከላከል ይረዳል። የልብስ አጠባን ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መስጠት ይቻላል፤ ጓንትና ረጅም እጅጌ ግን አይቅርባቸው።

በእግር በሽታ ላይ ባጭሩ እንናገር። እግራቸው ያበጠ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ዝሆኔ የሚባለው፣ በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ሕመም አለባቸው። አይተላለፍም፤ የእርግማን ውጤትም አይደለም። በየቀኑ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሥጋ ደዌም በመድኃኒት ፈጽሞ የሚድን በሽታ ነው፤ ዛሬ በደጃችን የምናያቸው ጣታቸው የተቆረጠ አባቶች ብዙዎቹ ከበሽታው የዳኑ፣ ጠባሳው ብቻ የቀረባቸው ናቸው። ሰንበቴ ላይ ለብቻቸው በተለየ ጣሳ ጠላ የሚቀዳላቸው ከሆነ ልማዱን ማስቀረት የሰበካ ጉባኤው ድርሻ ነው።

የሴቶቹን ጉዳይ በጽሑፍ ማንሣት ይከብዳል፤ ሳናነሣው ማለፍም አይቻልም። በጎዳና የምታድር ሴት፣ በተለይ አእምሮዋ የታወከ ከሆነ፣ ትደፈራለች። ይህን ያወቀ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ካደረሳት ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት ማግኘት ትችላለች፤ ጊዜው ካለፈ አይሰጥም። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተጠቁ ሴቶች ሕክምናውን፣ የሥነ ልቡና ምክሩንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ። ያረገዘችም የቅድመ ወሊድ ክትትልና የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ታገኛለች። ሕፃናቱ ማስቲሽ የሚያሸቱት ረሃብንና ብርድን ለመርሳት ነው፤ ዱላና ተግሣጽ እንደማያስተዋቸው በተደጋጋሚ አይተናል።

እስካሁን ከዘረዘርናቸው ሕመሞች ብዙዎቹ መድኃኒት እንዳላቸው፣ ከዚያም አልፎ ብዙው መድኃኒት በነፃ እንደሚሰጥ አንባቢ አስተውሎ ይሆናል። ታዲያ ሕሙማኑ ስለምን አይድኑም? የጎደላቸው መድኃኒት ሳይሆን አድራሻ ነው። የቀበሌ መታወቂያ በቤት ቁጥር ላይ የተመሠረተ ነው። የነፃ ሕክምና ማስረጃም ሆነ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባልነት በወረዳ ነዋሪነት በኩል ያልፋል። ነዋሪነት የሌለው ሰው ለነቀርሳው በነፃ ይታከማል፤ ለተሰበረ እግሩ፣ ለስኳር ሕመሙ ወይም ለሚጥል በሽታው ግን ካርድ ማውጫ ሲጠየቅ ይመለሳል። ቀጠሮ ሲቀርበት የሚፈልገው የለም። ክኒኑን የሚያኖርበት ኪስ እንጂ መደርደሪያ የለውም፤ ኪሱም ሌሊት ይበረበራል።

ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ደብር ደጅ የሚያድር ወጣት ነበር። የደብሩ ጸሐፊ ሳሉን ሰምተው፣ በእጃቸው ይዘው ጤና ጣቢያ አደረሱት፤ ነቀርሳ ተገኘበትና ሕክምና ጀመረ። ሦስተኛው ወር ላይ ሳሉ ጠፍቶ፣ ፊቱ ሞልቶ፣ የቀን ሥራ ሊጀምር ሲያስብ የደብሩ ዓመታዊ ንግሥ ደረሰ። በበዓሉ ሳምንት ኮሚቴው ግቢውንና ዙሪያውን ለማጽዳት ወሰነ፤ የሚያድሩት እንዲነሡ ተነገራቸው፤ የተረፈው ካርቶንና ላስቲክ ተሰብስቦ ተቃጠለ። የወጣቱ የመድኃኒት ከረጢት በላስቲኩ ውስጥ ነበር። መድኃኒቱን አጠፋሁ ብሎ ወደ ጤና ጣቢያው መመለስ አፈረ። ከአምስት ወር በኋላ በሌላ ደብር ደጅ፣ ከስድስት ሰዎች ጋር ተጠጋግቶ ተኝቶ ሲስል አገኘነው። ኮሚቴው ክፉ አላሰበም፤ ለበዓሉ ክብር የደከመ ነው። እኛም ወጣቱ ሕክምና ላይ መሆኑን ለጸሐፊው እንጂ ለኮሚቴው አልነገርንም፤ ጸሐፊው በዚያ ሳምንት በሐዘን ምክንያት ወደ ሀገራቸው ሄደው ነበር። እንግዲህ ሕክምናውን እንደገና ጀምሯል፤ በሽታው መድኃኒቱን የተላመደ መሆን አለመሆኑም ይመረመራል። አብረውት የተኙት ስድስቱ ግን ሁሉም አልተገኙም።

ይህን ስናጠና አንድ ነገር ተገለጠልን። ነዳያን ይንከራተታሉ እንጂ ያለ ሥርዓት አይንከራተቱም። የሚሄዱት በወር በዓላት ነው፤ በ12 ከቅዱስ ሚካኤል፣ በ16 ከኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ከቅዱስ ገብርኤል፣ በ21 ከእመቤታችን፣ በ23 ከቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ27 ከመድኃኔ ዓለም ደጅ ይገኛሉ። የጤና ባለሙያዎች «እነዚህ ሰዎች አይጨበጡም፤ ቀጠሮ አያከብሩም» ሲሉን፣ ቀጠሮው በተሳሳተ የቀን አቆጣጠር ተይዞ እንደሆነ ነገርናቸው። አንድ ነርስ ሳቁ፤ ከዚያም ወረቀት አውጥተው የወር በዓላቱን እንድንነግራቸው ጠየቁን። ቅዱስ ሚካኤል የጠፋውን ሰው ቅዱስ ገብርኤል ላይ ማግኘት የሚቻለው ግን የሁለቱ ደብር ሰበካ ጉባኤያት ሲነጋገሩ ነው።

ስለዚህ ከገንዘብ አስቀድሞ የምንጠይቀው መዝገብ ነው። የሚያድሩትን በአንድ ገጽ፣ የሚውሉትን በሌላ፤ ስም፣ የመጡበት ሀገር፣ በየትኛው ወርኃዊ በዓል የት እንደሚገኙ፣ በሕክምና ላይ ከሆኑ የጤና ጣቢያው ስም። የበሽታውን ዓይነት መጻፍ አያስፈልግም፤ «ክትትል አለው» የሚለው ይበቃል፤ መዝገቡም በዐውደ ምሕረት የሚነበብ ሳይሆን በአንድ ታማኝ ሰው እጅ የሚጠበቅ ይሁን። በመዝገብ የታወቀ ሰው ሰበካ ጉባኤው በማኅተሙ ለወረዳው «ይህን ሰው እናውቀዋለን» ብሎ ሊጽፍለት ይችላል። ደብዳቤው ሁሉንም በር ይከፍታል አንልም፤ ወረዳው በራሱ አሠራር የሚወስነው ነው፤ ማንም ከማያውቀው ሰው ይልቅ ግን ደብር የሚያውቀው ሰው ይሰማል። የከተማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብርም በጎዳና ለሚኖሩ ወገኖች የተመደበ ድጋፍ ስላለው ከወረዳው ጋር ሲነጋገሩ አብሮ መጠየቅ ይገባል። የመድኃኒት ማኖሪያ አንድ ቁልፍ ያለው ሣጥን በደብሩ ጽሕፈት ቤት ቢቀመጥ፣ ክትትል ያለው ሰው ጧት ጧት እየመጣ ክኒኑን ቢውጥ፣ ያ ወጣት ዛሬ ሥራ ላይ በሆነ ነበር። ጾመኛ ሕመምተኛ ካለ የንስሐ አባቱ ከመድኃኒቱና ከአቅሙ ጋር አገናዝበው ይፍቱለት፤ ነዳይ ስለሆነ የማይጾም የሚመስለን ካለን ተሳስተናል።

ወጪውን በተመለከተ፣ ከሙዳየ ምጽዋት ገቢ ጥቂቱ ለሕሙማን ማጓጓዣና ለካርድ ማውጫ በበጀት ርእስ ቢያዝ፣ አብዛኛው ደብር የሚሸከመው ነው። ዝክርና ተዝካር የሚያወጡ ምእመናንም ሁሉም በአንድ የበዓል ቀን ከሚያበሉ፣ በተራ ተከፋፍለው በባዶ ቀናት ቢያበሉ፣ የጠገበው የማይበላው ትርፍ ምግብ ተበላሽቶ ከሚያመጣው የሆድ ሕመምና ከማግሥቱ ረሃብ ይታደጋሉ።

ያ የጥበቃ አባት ዛሬ የደብሩ መዝገብ ያዥ ናቸው። ማንበብ እንጂ መጻፍ ስለማይቀናቸው አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ማታ ማታ እየመጣ የነገሩትን ይጽፍላቸዋል። መዝገብ ለመክፈት ያሰባችሁ ሰበካ ጉባኤያት የግርሻው ወቅት ሳይገባ፣ በዚህ በሰኔ ወር ውስጥ ከወረዳችሁ ጤና ጽሕፈት ቤትና ከአካባቢያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ቀን ያዙ። ቆጠራውን በሁለት ጊዜ አድርጉት፤ አንዱን ከኪዳን በኋላ፣ ሌላውን ሌሊት ከአራት ሰዓት ወዲህ።